ከቤተልሔም እስከ መንበር

ዛሬ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን እምነት የማስረዳችሁ በአንድ ኅብስት ጉዞ ነው። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ ያየው ጉዞ ነው፤ ቃጭል ይቃጨላል፣ ጃንጥላ ይዘረጋል፣ የተሸፈነው መሶበ ወርቅ ያልፋል፣ ምእመኑ ይሰግዳል። ሰግደን እንነሣለን እንጂ ያለፈው ምን እንደሆነ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

ኅብስቱን የያዘው መሶበ ወርቅ የሚነሣው ቤተልሔም ከምትባለው ትንሽ ቤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ትገኛለች። በውጭ አገር በተከራዩት ሕንጻ የሚያገለግሉ አጥቢያዎችም አንዲት ክፍል ወይም ጥግ ለይተው ለዚህ አገልግሎት ያውሏታል። ስንዴው ከእንክርዳድና ከጠጠር ተለቅሞ በንጽሕና ይፈጫል፤ ሊጡን አቡክቶ የሚጋግረው ክህነት ያለው አገልጋይ ነው። ኅብስቱ የዚያው ዕለት መሆን አለበት፤ ያደረ አይሠዋም። ለጽዋው የሚሆነው ወይን ደግሞ ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ ነው። ሌላው ሰው በተኛበት ሌሊት በቤተልሔም ጢስ ውስጥ የሚደክመው ዲያቆን አገልግሎቱ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ አይመሰገንም። እኔ ግን የቅዳሴው መጀመሪያ እርሱ ነው እላለሁ።

ሊቃውንቱ ይህን ጉዞ ሲያመሠጥሩ ቤቷ ጌታ የተወለደባት ከተማ፣ መሶበ ወርቁ የእመቤታችን ምሳሌ፣ ኅብስቱ የሚያርፍበት መንበር ደግሞ የቀራንዮ ምሳሌ እንደሆነ ያስተምራሉ። እንግዲህ ከቤተልሔም እስከ መንበር ባለችው አጭር መንገድ ላይ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ማለትም የአምላክ ሰው የመሆን ምሥጢር፣ በሙሉ ያልፋል ማለት ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ሁሉ ትምህርቱን በዓይኑ ያያል። ቤተ ክርስቲያኒቱ አምስት አዕማደ ምሥጢር አሏት፦ ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባንና ትንሣኤ ሙታን። በቃል የሚጠናው ይህ ትምህርት በቅዳሴ ላይ በሥራ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ቅዱስ ቁርባንን የሚቀበሉት ሰዎች ከመቅረባቸው በፊት ካህኑ ስለ ክርስቶስ ሥጋና ደም እምነቱን ይመሰክራል። ከምስክርነቱም አንዱ የክርስቶስ መለኮት ከትስብእቱ፣ ማለትም ከሰውነቱ፣ ለቅጽበት እንኳ እንዳልተለየ የሚናገር ነው። ለምን በዚያች ሰዓት? ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የተነሣው ክርክር ያረፈው ኅብስቱ በሚቀመጥበት በጻሕሉ ላይ ነው። ጉባኤው ክርስቶስ ከተዋሕዶ በኋላ በሁለት ባሕርይ ይታወቃል ሲል፣ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ዲዮስቆሮስ አልተቀበለም፤ ተሽሮም ተጋዘ። ከእርሱ በፊት ቅዱስ ቄርሎስ እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ያጸናውን ትምህርት ይዘው የቀሩት ግብጻውያን፣ ሶርያውያን፣ አርመኖችና እኛ ነን። ትምህርቱም መለኮትና ትስብእት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት አንድ ሆኑ የሚል ነው። አባቶች በእሳት የጋለ ብረትን ምሳሌ አድርገው ያስረዳሉ፤ ብረቱ ብረትነቱን፣ እሳቱ እሳትነቱን አልተወም፣ የሚያቃጥለው ግን አንድ ነው። ሥጋን መለኮት ዋጠው ያለውን አውጣኪን ቤተ ክርስቲያናችንም ታወግዛለች። ብዙ የውጭ ጸሐፍት አውጣኪን እንደምንከተል እየጻፉ ስማችንን ሲያጠፉ ኖረዋልና ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ።

እንግዲህ መለኮት ከሥጋው ተለይቶ ቢሆን ኖሮ ዕርፈ መስቀል በሚባለው ማንኪያ የሚታደለው ደም የሰው ደም ብቻ በሆነ ነበር። ምእመኑ ሕይወት አገኛለሁ ብሎ የሚቀርበው ያልተለያየውን ስለሚቀበል ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ካሏት 14 ቅዳሴዎች መካከል ቄርሎስም ዲዮስቆሮስም በስማቸው የሚጠራ አላቸው፤ የተከራከሩለት እምነት ዛሬም በመንበሩ ፊት በዜማ ይሰማል።

ስለ ሥርዓቱ ጥቂት ልበል። ቅዳሴ ከ5 ባነሱ አገልጋዮች አይቀደስም፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ዜማው ግዕዝና ዕዝል የሚባሉ ስልቶች አሉት፤ በቅዳሴ ዜማ ትምህርት ደግሞ የደብረ ዓባይ ገዳም የታወቀ የምስክር ቦታ ነው። መልእክታቱና የሐዋርያት ሥራ ይነበባሉ፣ ምስባክ ይሰበካል፣ ወንጌል ይነበባል። ከዚያ በኋላ ያልተጠመቁ ንኡሰ ክርስቲያን እንዲወጡ ይታወጃል።

አሁን የሚያሳዝነኝን ነገር ልንገራችሁ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቀው በዚያው ዕለት ይቆርባሉ። ሕፃናቱ ይቀበላሉ፣ በዕድሜ የገፉት ይቀበላሉ፤ መካከል ያለው ወጣትና ጎልማሳ ግን ዳር ቆሞ ያያል። «እኔ አልበቃሁም» ይላል። ፍርሃቱ መልካም ነው፣ ሳይዘጋጁ የመቀበል ዕዳ ቀላል አይደለምና። ነገር ግን ቁርባን ለበቁ ሰዎች የሚሰጥ ሽልማት ሆኖ አልተሠራም፤ ለንስሐ ገቢው የተሠራ መድኃኒት ነው። ብቃትን የሚጠብቅ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቃል።

መቅረብ የምትፈልጉ አስቀድማችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ የተጣላችሁትን ታረቁ፣ የወሰዳችሁትን መልሱ። ባለትዳሮች ተነጋግራችሁ አብራችሁ ተዘጋጁ። ከምግብና ከመጠጥ 18 ሰዓት ተከልክሎ መቅረብ ሥርዓት ነው። የታመመ ሰውና ነፍሰ ጡር ጉዳያቸውን ለካህኑ ይንገሩ። ሥጋውን ካህኑ ያቀብላችኋል፤ ደሙን ዲያቆኑ በዕርፈ መስቀል ያቀብላችኋል። ከተቀበላችሁ በኋላ አፋችሁን በነጠላ ሸፍናችሁ የቅዳሴ ጠበል ጠጡ። የዚያን ቀን ምራቅ አይተፋም፣ ከባድ ሥራ አይሠራም፣ ረጅም መንገድም አይሄድም። የቀረውን ቀን በቤታችሁ ዕረፉ።