ሊንካችን ለሌላው ሰው ይከፈታል ወይ?
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



ከቴፒ ግቢ ተመርቄ ከወጣሁ ወዲህ እንጀራዬ ሪፖርት መጻፍ ነው። ደንበኞቼ ቡና ላኪዎች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያቸው አይገባም። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ የዙሪያው ወሰን፣ ካልሆነ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ቢራዘምም ገዢዎች ከወዲሁ እየጠየቁ ነው። የሸካና የቤንች ሸኮ ገበሬ ደግሞ ቡናውን የሚያለማው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ደኑ አለመነካቱን ለሩቅ ሰው የሚያሳየው ማስረጃው ነው።

በጀማሪነቴ አንድ ሪፖርት ላክሁ። «ካርታው እዚህ አለ» ብዬ ሊንክ አስገባሁ። እኔ ስነካው ይከፈታል፤ ገዢው ሲነካው ግን «ፈቃድ ይጠይቁ» ይላል። ለካ ፋይሉን ለራሴ ብቻ ነው የከፈትኩት! ሰውየው ፈቃድ ሲጠይቅ እኔ ገጠር ነኝ፤ ኔትወርክ የለም። ቡናው አራት ቀን መጋዘን ተቀመጠ። ላኪው ያሉኝን እዚህ አልደግመውም።

ከዚያ ወዲህ ልማዴ ይህ ነው። «እዚህ ይጫኑ» አልልም፤ «የማሳዎቹ ካርታ» ብዬ የሚያገኘውን በስሙ እጽፋለሁ። ስለ ደንቡ ስጠቅስ የድረ ገጹን መግቢያ ሳይሆን ስለ ማሳ መረጃ የሚናገረውን አንቀጽ 9 ራሱን አገናኛለሁ። ገጹን ያየሁበትን ቀን አስቀምጣለሁ፤ ነገ ሊቀየር ይችላልና። ዋናው ቁጥር ግን ሪፖርቱ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ በወረቀት ታትሞ ሲነበብ ሊንክ አይሠራም። የገበሬው ስምና ስልክ ለማንም ክፍት አይሆንም፤ በመለያ ቁጥር እተካዋለሁ፤ ካርታውንም ለሚመለከተው ደንበኛ ብቻ አስቀድሜ እፈቅዳለሁ። ከመላኬ በፊት ደግሞ በራሴ ሳይሆን በሌላ ሰው ስልክ እሞክረዋለሁ።

ወገኖቼ፣ እንግዳ «ቡና ጠጡ» ተብሎ ተጠርቶ በሩን ተዘግቶ ቢያገኘው ምን ይላል? የማይከፈት ሊንክም እንደዚያው ነው። የሚያሳፍረው እኛን ነው፤ የሚከፍለው ግን ገበሬው ነው።