ስለ ሎዛ ላወራችሁ ነው

(በማኅበራችን የዘንድሮ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ከቁጠባና ብድር ሪፖርቱ ቀጥሎ የተደረገ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ዘንድሮ አንቺም አንድ ነገር አውሪን» ስትለኝ ስለ በርበሬ ዋጋ የማወራ መስሏት ነበር። በርበሬ ነጋዴ ነኝና አይፈረድባትም። እኔ ግን ስለ ኳስ ላወራ ነው የመጣሁት። ሳቁ፣ ግዴለም። ባለቤቴም ስንት ዓመት ሲስቅብኝ ኖሯል፤ ዛሬ ግን ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ የሚጠይቀው እኔን ነው።

ኳስ የለመድኩት ከአባቴ ሬዲዮ ነው። ያደግሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አባቴ ወታደር ነበር፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞት የመጣው ትልቁ ንብረት ያ ሬዲዮ ነው። ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ የሚከፈተው ለዜናና ለኳስ ብቻ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ደምሴ ዳምጤ ሲያስተላልፍ፣ ቤታችን በጎረቤት ሞልቶ ነበር። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነኝ፤ እንጀራ ጋግሪ ተብዬ ምጣድ ላይ ነኝ። ጆሮዬ ወዲያ ሄዶ እንጀራው አረረ። እናቴ ልትቆነጥጠኝ ስትነሳ አባቴ «ተያት፣ ዋንጫ እኮ ነው!» አላት። ያን ቀን ከመቆንጠጥ የተረፍኩት በደምሴ ነው።

አባቴ የሚወደው መንግሥቱ ወርቁን ነበር። በጥር 1954 ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። አባቴ ግን ጎሉን ሳይሆን ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ያን ያህል ስም እያለው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሳይወጣ መኖሩን። እኔ በልጅነቴ ይህ ምኑ እንደሚደነቅ አይገባኝም ነበር።

እኔም ተጫውቻለሁ። ከወንድሞቼ ጋር ከብት ስንጠብቅ በጨርቅ ኳስ። ግራ እግሬ ጥሩ ነበር፤ የሞቱት ወንድሜ ካልሆኑ በቀር ምስክር የለኝም እንጂ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ተዳርኩ። ሬዲዮው አባቴ ቤት ቀረ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ነገር ግን ያኔ ማንም ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

እንግዲህ ወደ ሎዛ አበራ ልምጣ። ሉሲዎቹን በቴሌቪዥን ማየት የጀመርኩት ፍኖተ ሰላም ከገባን በኋላ ነው። ሎዛ የተወለደችው በ1990 ዓ.ም. ዱራሜ ነው፤ ከምባታ። ከተማው የእኛን ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ ተነስታ ደደቢት ገባች፣ የሴቶች ሊግ ኮከብ ጎል አግቢነቱን ደጋግማ ወሰደች፣ የብሔራዊ ቡድኑም አጥቂ ሆነች። በ2012 ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫወተች። ቡድኑ ሻምፒዮን ሆነ፣ እሷም ጎል በጎል ሆነች።

የእኔ አድናቆት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አውሮፓ ደርሳ፣ ዋንጫ ይዛ፣ ተመልሳ መጣችና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ማሊያ ለበሰች። የሴቶች ጨዋታ ማን ያየዋል? እኔ ያየኋቸው ጨዋታዎች ላይ ተመልካቹ ከተጫዋቹ አይበልጥም ነበር። እሷ ግን እዚያም ያው ናት፤ ትሮጣለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሳለች። በ2013 መጨረሻ ናይሮቢ ላይ ለአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ሲጫወቱ ከሁሉም በላይ ጎል ያገባችው እሷ ነበረች፤ በፍጻሜው ግን በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ያን ቀን እኔ እራት አልበላሁም። ባንኩ ማጣሪያውን አልፎ ለዋናው ውድድር የደረሰው በ2016 ክረምት ነው፣ ያውም አዲስ አበባ ላይ። በዚያው ክረምት ሎዛ ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ፈርማ አሜሪካ ሄዳለች። ስንት ዓመት የደከመችበትን ሌሎቹ አጣጣሙት። የአባቴ ነገር የገባኝ ያኔ ነው፤ መንግሥቱ ቢቀር፣ ሎዛ ብትመለስ፣ ብትሄድም፣ ሁለቱም ቡድኑን ከስማቸው ዝቅ አድርገው አላዩትም።

አሁን ወደ ነውሬ ልሂድ። ይህን ሁሉ የማወራው እኔ፣ አምና ከመካከላችን ያለች አንዲት እህት ቤቴ መጥታ አማከረችኝ። ልጇ ኳስ ትጫወታለች፣ የስፖርት መምህሯም ችሎታ አላት ብሏል፣ ባሕር ዳር ተወስዳ ትፈተን ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ ልጅቱን የጠየቀ ሰው አለ፤ መሬትም በሬም ያለው ቤት ነው። «ምን ትመክሪኛለሽ?» አለችኝ። እኔ፣ ሎዛን ለማየት ሱቅ የምዘጋው ሰውዬ፣ «ተይ እቴ፣ ሴት ልጅ ኳስ ብላ የት ትደርሳለች? ከተማ ሄዳ ብትጠፋብሽስ?» አልኳት። ከአፌ የወጣው የእናቴ ድምፅ ነው። ያን ምሽት ቴሌቪዥን ከፍቼ ጨዋታ ማየት አልቻልኩም።

እናትየዋ ደግ ሆና ምክሬን በግማሽ ሰማችው። ባሕር ዳርንም ተወች፣ ጠያቂውንም «ትማር» ብላ መለሰችው። ልጅቱ ዘንድሮም ሜዳ ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየኋት። እኔ ስለ ኳስ የማውቀው ካለ፣ ይህች ልጅ ኳስ ሳይደርሳት በፊት ቀና ብላ ጓደኞቿን ታያለች። ይህ አይማሩትም። ከጨዋታው በኋላ ኳሱን አቅፋ ወደ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት የመለሰችውም እሷ ናት፤ ማንም አላዘዛትም።

ሎዛ ትሆናለች አልላችሁም። ልትወድቅም ትችላለች። የእናትየዋን ፍርሃትም አልንቀውም፤ ስንት ልጅ ከቤት ወጥታ ምን እንደገጠማት ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ብቻዋን አትሄድም። ማክሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ እናትየዋ፣ ልጅቱና እኔ ሦስታችን ወደ ባሕር ዳር እንሄዳለን። እኅቴ ዘንድ እናድራለን። ትራንስፖርቱን እኔ ችያለሁ፤ አምና በአፌ ያበላሸሁትን በኪሴ ልክፈል ብዬ ነው።

የጎደለን ታኬታ ነው። የምትጫወተው በሸራ ጫማ ነው፤ እሱም አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። እግሯ 37 ነው። ወንድ ልጆቻችሁ የጠበባቸው ታኬታ ቤት ያላችሁ እናቶች፣ ከቡናው በኋላ በሩ ጋ አገኛችኋለሁ።