ወደ ጅማ በየትኛው ወር እንሂድ?

(ከጅማና ከአካባቢዋ በመጡ ተማሪዎች ስም ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የጉዞ ኮሚቴ ለዘንድሮው የጥናት ጉዞ ጅማን መምረጡ እጅግ ደስ ያሰኘን መሆኑን መሸሸግ አያስፈልገንም። ገንዘቡ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚበቃ በመሆኑ፥ በየትኛው ወር መሄድ እንደሚሻል እኛ የአገሩ ልጆች እንድናስረዳ ኮሚቴው ጠይቆናል። ከአጋሮ፥ ከሊሙ ገነት፥ ከጌራ፥ ከሰቃና ከራሷ ከጅማ ከተማ የመጣነው ተሰብስበን ተነጋገርንበት፤ ነገሩ ሁለት ምሽት ፈጀብን።

አስቀድመን ስለ አየሩ እንናገር። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፥ በዓመትም 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ለአዲስ አበባ ሰው ክረምት ማለት ሦስት ወር ነው። በእኛ አገር ግን ዝናቡ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ይጀምርና እስከ መስከረም፥ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በደኅና የሚደርቀው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ስለዚህ አገር ለማየት ብቻ የሚመጣ እንግዳ ቢጠይቀን፥ «በኅዳር ና» ከማለት በቀር ሌላ ምክር የለንም። ወደ ጋና ለሚሄድ መንገደኛም የሚሰጠው ምክር ከዚህ አይርቅም። ከሰሐራ የሚነሣው ሐርማታን የተባለው ነፋስ አገሩን አቧራ ቢያለብሰውም፥ ዝናብ የሌለበትና ዋናው የካካዎ ምርት የሚሰበሰብበት ጊዜ ስለ ሆነ በዚያው ወራት ሂድ ይባላል። እንግዳ በየአገሩ የሚጠራው ጎተራው ሲሞላ ነው።

የኅዳርን ነገር የምናጣጥል እንዳይመስላችሁ። ቀይ እሸት ቡና ከቅርንጫፉ ላይ ሲለቀም፥ ለቃሚው ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ ከጥላው ዛፍ ሥር ሲዘፍን፥ ማታ ማታ አይሱዙው ማዳበሪያ ጭኖ ወደ መፈልፈያ ጣቢያው ሲጣደፍ ማየት የማያስደስተው ሰው አይገኝም። እሸቱ በተለቀመ ዕለት ካልተፈለፈለ ስለሚበላሽ ጣቢያው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ከስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ቢወጣ ነው። የታጠበው ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመው ጉድፉን ሲለቅሙ ይውላሉ። ጀንፈሉም በየደጁ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ያልተጠበቀ ዝናብ ቢመጣ የዓመቱ ድካም ይሻግታልና፥ ደመና ሲታይ ቄሱም ሼኹም ተማሪውም ሸራ ለማልበስ ይሮጣል። የአጋሮ ሱቆች እስከ ሌሊት ክፍት ናቸው፤ አዲስ ጫማ፥ አዲስ ቆርቆሮ፥ አዲስ ሙሽራ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ከመካከላችን ሁለቱ ደግሞ «አበባውንስ?» ብለው ተከራክረዋል። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከስምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላ ቡናው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ አበባ ይለብሳል፤ ሽታውም እንደ ጠምበለል ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። ቀኑን ደግሞ ዝናቡ እንጂ ኮሚቴ አይወስነውም። አውቶቡስ ተከራይተን አበባ ፍለጋ ብንወጣ ረግፎ ሊጠብቀን ይችላል። በዚህ ምክንያት የሁለቱን ጓደኞቻችንን ሐሳብ በፍቅር ትተነዋል።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይኸውላችሁ፦ ጉዞው በሐምሌ ይሁን።

አንዳንዶቻችሁ እንደምትስቁ እናያለን። ግን አድምጡን። የቡና አገር ገንዘብ የሚያገኘው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የሚበላው ግን በዓመት ዐሥራ ሦስት ወር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የገባው ብር በሠርግ፥ በዕዳ፥ በልብስና በቤት ጥገና ያልቃል። ሐምሌ ሲገባ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ በቆሎውም ለእሸት አልደረሰም። ያን ጊዜ ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ያወጣል። የባሰበት ገበሬ ገና ያልቀላውን ቡናውን በቅናሽ ዋጋ ያስይዛል፤ ኅዳር ሲደርስ የሚለቅመው የሌላ ሰው ቡና ይሆናል። በኅዳር የሄደ እንግዳ ያን ሰው ከነቅርጫቱ ፎቶግራፍ ያነሣዋል፤ ፍሬው የማን እንደ ሆነ ግን ከፎቶግራፉ አይታይም።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ የተለየ ምክንያት አለን። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ የቡናው ገንዘብ የሚመጣው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ደብተር፥ ዩኒፎርምና ከተማ ገብቶ ለሚማረው ልጅ የቤት ኪራይ የሚፈለገው ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። ገንዘቡ በሚመጣበት በኅዳር ደግሞ ልጁ ራሱ ለለቀማ ይፈለጋልና ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ከእኛ መካከል በሁለቱም በኩል ያላለፈ የለም። ከእኛ ጋር አንደኛ ክፍል የገቡት ስንቱ ቀሩ ብትሉን በጣት የሚቆጠሩ አይደሉም። የትምህርት ፋኩልቲ ጓደኞቻችን የትምህርት ዘመን አቆጣጠርን ለሚያጠኑበት ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ርእስ የሚያገኙ አይመስለንም።

ለእርሻና ለሥነ ሕይወት ተማሪዎችም ሐምሌ አይጎዳም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 በአገራችን የታየው የቡና ፍሬ በሽታ የሚስፋፋው በዚሁ በእርጥቡና በቀዝቃዛው ወቅት ነው፤ የዝናቡ ጠብታ በሽታውን ከፍሬ ወደ ፍሬ ይረጨዋል። በጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ማእከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከገበሬው ማሳ መርጦ አውጥቷል። 74110 እና 74112 የሚባሉት ስማቸው የሚጀምርበት 74 የተመረጡበትን የ1974 ዓመት ያመለክታል፤ ይኸም በፈረንጆች ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሱ፦ በብራዚል ብርዱ የሚበረታው በዚሁ ወር ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወረደው ውርጭ የፓራናን ቡና አቃጥሎ፥ የዓለም ዋጋ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት በብዙ እጥፍ ወጥቷል። የእኛ ነጋዴ በክረምት የሩቅ አገር ብርድ ወሬ የሚያነፈንፈው ስለዚህ ነው።

«መንገዱስ?» ለምትሉት፥ በአባ ጅፋር ዘመን ጥያቄው ትክክል በሆነ ነበር። ያን ጊዜ የሲራራ ነጋዴ ግቤ በክረምት ሲሞላ መሻገር ስለማይችል፥ ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር፤ የሂርማታ ገበያም ደምቆ የሚውለው በበጋ ነበር። ዛሬ ግን በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ፥ የግቤን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፥ በሰኮሩና በአሰንዳቦ በኩል ጅማ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህሉ አስፋልት ነው፤ ከዚያም እስከ አጋሮ ይቀጥላል። ጭቃው ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ ገበሬው ቤት ስትታጠፉ ይጀምራል፤ እዚያ በእግር ነው። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በዝናብም ቢሆን ማየት ይቻላል፤ እንዲያውም ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ጉም ከተማዋን ሲሸፍናት ማየት የበጋ እንግዳ የማያገኘው ነው።

በሐምሌ መፈልፈያ ጣቢያዎቹ ዝግ መሆናቸውን አንክድም። ማሽኑን ለማየት ብቻ የሚሄድ ካለ ያዝናል። ማሽኑን ግን ሌላ ቦታም ያየዋል፤ የዱቤ ደብተሩን የሚያሳየው ግን የለም።

ኮሚቴው ሐሳባችንን ቢቀበል ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፥ ሐምሌ ተማሪው ወደየቤቱ የሚበተንበት ጊዜ ነውና ስም የሚመዘገበው ከፈተና በፊት ይሁን። ሁለተኛ፥ ማደሪያ በየቤተ ሰቦቻችን እናዘጋጃለን፤ እናቶቻችን ግን እንግዳ በመጣ ጊዜ «የለንም» ማለት አያውቁምና፥ ተጓዡ ሁሉ ጤፍ፥ ስኳርና ዘይት ይዞ ይምጣ፤ ሲሰጥም በእኛ በኩል ይስጥ። በቡና አገር ቡና ይዞ መሄድ የሚያስቅ ቢመስልም፥ በዚያ ወር ሁለት ኪሎ ቡና ይዞ የሚገባ እንግዳ አቦል ብቻ ሳይሆን እስከ በረካ ይጠጣል። ሦስተኛ፥ ቦቲ ጫማና የዝናብ ልብስ የሌለው አሁኑኑ ይናገር፤ ከእኛ ዘንድ ትርፍ ያላቸው ልጆች አሉ፤ ቁጥሩን ይዘው ይምጡ።