ዋስ ከመፈረማችን በፊት፦ ሐኪም ልጃችን ስፔሻሊስት እስክትሆን
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር አንዲት አባላችን እንባ እየተናነቃት ያቀረበችውን ጥያቄ ታስታውሳላችሁ። ልጇ ጠቅላላ ሐኪም ናት። የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊቲ ለመማር ተመድባለች፤ ምደባው ጅማ ነው። የሚልካት መሥሪያ ቤት ግን ውል ስትፈርም ዋስ አምጪ ብሏታል። እናቲቱ ደግሞ ከእኛ ሌላ ሰው የላትም። ግማሾቻችን "ይፈረምላት" አልን። ግማሾቻችን "ሐኪም ከሆነች ሌላ ምን ቀራት?" አልን። ሆጃው በረደ፣ ስብሰባውም ሳይቋጭ ተበተነ። የሂሳብ ክፍል ያለነው ሦስታችን ነገሩን አጣርተን እንድናቀርብ ታዘዝን፤ ያገኘነው ይኸው ነው።

"ምን ቀራት" ማለት ነውር የለውም። እኛም ነጭ ጋዎን የለበሰ ሁሉ አንድ ይመስለን ነበር። የሕክምና ትምህርት ስድስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ በመጨረሻው ኢንተርን ሆና በየክፍሉ እየዞረች ትሠራለች። ከዚያ የሙያ ፈቃድ ታወጣለች፤ ጠቅላላ ሐኪም የምትባለው ያን ጊዜ ነው። ብዙ በሽታ ታክማለች፤ ነገር ግን ከባድ የማህፀን ቀዶ ሕክምና የእሷ ድርሻ አይደለም። ለዚያ ሌላ በር አለ።

በሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሄዳ ታገለግላለች። ከዚያ አገር አቀፍ የሬዚደንሲ ፈተና ትወስዳለች። የምትፈልገውን የሙያ ዘርፍና ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ትሞላለች፤ ምደባው በውጤትና በሌሎች መስፈርቶች ይወጣል። ጅማ የደረሳት እንዲህ ነው እንጂ ሐረርን ጠልታ አይደለም። እናቷ ይህን ብትሰማ ደስ ይለናል፤ ሕይወት ፋናም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሬዚደንቶች የሚሠለጥኑበት ሆስፒታል መሆኑን እያነሣች "ለምን እዚህ አልሆነችም" ስትል ሰምተናታልና።

ሬዚደንት የሚባለው እንግዲህ ተማሪም ሠራተኛም ነው። እኛ ዲፕሎማችንን የያዝነው ማታ ማታ ተምረን ነው፤ ቀን ሥራ፣ ማታ ደብተር። የእነሱ ግን ሌላ ነው። ቀን በሽተኛ ያያሉ፣ ሌሊት ተረኛ ያድራሉ፣ በመሃል የምርምር ጽሑፍ ይሠራሉ፣ በየዓመቱ ይፈተናሉ። ለማህፀንና ጽንስ አራት ዓመት ነው። እንደ ሙያው ሦስትም አምስትም የሚሆን አለ። የመጨረሻውን ፈተና ስታልፍ በስፔሻሊስትነት ፈቃድ ታወጣለች። ከዚያም በላይ ልማር ካለች ሰብ ስፔሻሊቲ አለ፤ እሱን ግን ዛሬ አናንሣው፣ እናቲቱን እናስደነግጣለን።

ይህ መንገድ አገር ውስጥ የተከፈተው ሩቅ በማይባል ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ፣ የስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲማ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መንገዱ ባሕር ማዶ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አስቡ። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች የወሰዷቸው ሕፃን እ.ኤ.አ. በ1882 ላሆር ላይ ሐኪም ሆኑ፤ ለተጨማሪ ትምህርትም ስኮትላንድ ድረስ ሄደዋል። በኋላ የዚሁ የጎረቤታችን የጨርጨር ገዥ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

አንዲት እህታችን "ወረቀት ምን ያደርጋል? ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ የቀለም ትምህርት ሳትማር ቀዶ ሐኪም ሆናለች" ብላ ነበር። እውነት ነው። በወሊድ ጉዳት ታማሚ ሆና ዶክተር ሐምሊን ዘንድ መጣች፤ አጠገባቸው ቆማ እያየች ተማረች፤ ለሌሎች ሐኪሞችም አስተማሪ ሆነች። የሐምሊን የፊስቱላ ማዕከል ዛሬ በከተማችን በሐረርም አለ። ግን ማሚቱን ያሠለጠኗት ስፔሻሊስቶች መሆናቸውን አንርሳ። በየወረዳው ሆስፒታል ቀዶ የሚያዋልዱት፣ ሦስት ዓመት ተጨማሪ የሠለጠኑት ጤና መኮንኖችም ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ወደ ስፔሻሊስት ነው የሚልኩት። ከባቢሌ፣ ከሶማሌ ክልል ሳይቀር ምጥ የያዛት ሴት ሕይወት ፋና የምትመጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋሱ እንምጣ፤ የተላክነውም ለዚሁ ነው።

ውሉን ቃል በቃል አነበብነው። ልጅቷ እየተማረች ደመወዟ ይከፈላታል፤ ስትጨርስ ተመልሳ የተወሰነ ዓመት ታገለግላለች፤ ካልተመለሰች ደመወዙንና ወጪውን ትከፍላለች፤ እሷ ካልከፈለች ዋሶቿ። እዚህ ላይ ሦስታችንም ብርክ ያዘን። ከእኛ አንዷ ከዓመታት በፊት ለእህቷ ልጅ ዋስ ሆና፣ ልጁ ከአገር ሲወጣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዟ ተቆርጧል። አሁንም ስሙ ሲነሣ ቡናዋን ታስቀምጣለች።

የሰጡን የዋስትና ቅጽ የገንዘቡን ጣሪያ አይናገርም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ዋሱ የሚከፍለው ከፍተኛ ገንዘብ ያልተገለጸበት ዋስትና አይጸናም ይላል። ስለዚህ ቅጹን ይዘን ሄድን፣ ቁጥሩ እንዲጻፍ ጠየቅን፤ ሁለት ጊዜ ተመላለስን፣ በሦስተኛው ተጻፈ። "በአንድነትና በነጠላ" የሚለውንም ሐረግ አሠረዝን። እሱ ካለ ልጅቷን ሳይጠይቁ ቀጥታ ወደ አንዷ ዋስ መጥተው ሙሉውን ሊጠይቁ ይችላሉ፤ አራት ሰው ፈርሞ አንዷ ብቻ ልትከፍል ማለት ነው።

ያመጣነው ሐሳብ ይህ ነው። የማኅበሩ ቁጠባ በዋስትና አይያዝ፤ ያ የሰባ ሁለታችን የሕመምና የለቅሶ ገንዘብ ነው፣ ረጂዎቻችንም የሰጡን ለሌላ ነው። የምንፈርመው ፈቃደኛ የሆንን አራት ሴቶች በግላችን፣ እያንዳንዳችን ለአንድ አራተኛው ብቻ ነው። ሁለታችን ከሂሳብ ክፍሉ ነን። ሁለት ቦታ ይቀራል።

ልጅቷን ራሷን ጠርተን ጠይቀናታል። "ትመለሻለሽ ወይ?" አልናት። ዝም ብላ ቆየችና፣ "እትዬ፣ እመለሳለሁ ማለት ቀላል ነው፤ ባልመለስ የምትከፍሉትን ቁጥር ግን ጻፉልኝና ቦርሳዬ ውስጥ ልያዘው" አለች። ጻፍንላት።

ፊርማው የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ነው። ከሸዋ በር በሦስት ሰዓት አብረን እንሄዳለን። መታወቂያና የደመወዝ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ።