ወደ ቦሌ ከመሄዳችን በፊት

(ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ጓደኞች በማኅበሩ አዳራሽ የተደረገ ንግግር)



በዚህም ዓመት ከመካከላችን ብዙዎች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ በመሰናዳት ላይ ስለሆኑ፤ በአይሮፕላን ስለ መጓዝ ጥቂት ቃል እንድንናገር ማኅበሩ አዝዞናል። ስለ በረራው ራሱ የምንለው ብዙ አይደለም። የሚያበረው ሌላ ነው፤ ከእኛ የሚፈለገው ቀበቶ ታጥቆ መቀመጥ ብቻ ነው። ተማሪውን የሚያስለቅሰው በሰማይ ያለው ሳይሆን በምድር ሳለ ያልተሰናዳው ነገር ነው። ይኸውም በተለይ ሰዓቱ፤ ስሙና የሰው አደራ ነው። በእነዚህ በሦስቱ የእኛ ልማድና የአየር መንገዶች ደንብ አይገጥሙም፤ ባለመግጠማቸውም የሚጎዳው ሁልጊዜ መንገደኛው ነው። ለአንድ ተማሪ ትኬት ዘመድ ሁሉ አዋጥቶ፤ አንዳንዱም ተበድሮ እንደሚሸኝ እናውቃለንና፤ አይሮፕላን ያመለጠው ልጅ የሚያሳፍረው ራሱን ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ከሰዓቱ እንጀምር። በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ተነሥቶ እስከ 24 የሚቆጠር ነው። 08:30 ቢል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እንጂ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል አይደለም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስድስት መቀነስ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። ሰውን የሚጥለው ግን ሰዓቱ ሳይሆን ቀኑ ነው። ከቦሌ ወደ ሩቅ አገር ከሚነሡት አይሮፕላኖች ብዙዎቹ የሚነሡት በሌሊት ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ቢል፤ በፈረንጆች ቆጠራ ማክሰኞ ከገባ ገና ሠላሳ ደቂቃ ሆኖታል ማለት ነው። በእኛ አነጋገር ግን ይህ ሰኞ ማታ ለማክሰኞ አጥቢያ፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። እኛ ቀን ተለወጠ የምንለው ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ፤ እናት «ልጄ የሚሄደው ማክሰኞ ሌሊት ነው» ብላ ለጎረቤት ትናገራለች፤ ዶሮው ለማክሰኞ እራት ይሠራል፤ ሸኚውም ማክሰኞ ማታ ይሰበሰባል። አይሮፕላኑ ግን ከሄደ ሃያ አራት ሰዓት ሊሞላው ነው። ይባስ ብሎም በብዙ ትኬቶች ደንብ መሠረት መንገደኛው ሳያስታውቅ የቀረ እንደ ሆነ የቀረው ጉዞ በሙሉ፤ መመለሻውም ጭምር ይሰረዝበታል።

ስለዚህ ትኬቱ በእጃችሁ እንደ ገባ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጻፉት። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ስለሚገባ፤ «ሰኞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ቦሌ መገኘት» ብላችሁ በቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የበረራውን ሰዓት ለቤተ ሰብ መንገር አያስፈልግም፤ ከቤት የሚወጣበትን ንገሯቸው።

የወርና የዓመት ነገርም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ነው ብንል፤ ይኸው ቀን ለፈረንጆቹ አፕሪል 1946 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ግድም ሰባት ዓመት፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። አንዳንድ ሰው የልደት ዘመኑን ሁልጊዜ በስምንት እየደመረ ስለሚጽፍ፤ በጥቅምት የተወለደው ልጅ በማመልከቻው አንድ ዓመት ያንሳል፤ በፓስፖርቱ አንድ ዓመት ይበልጣል። ደግሞም አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ እንግሊዞች ቀኑን። 08/09 የሚል ደብዳቤ የመጣለት ተማሪ ኦገስት 9 ይሁን ሴፕቴምበር 8 ሳያረጋግጥ ትኬት አይግዛ። በተማሪ ቪዛ አሜሪካ የሚገባ ሰው ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን ከ30 ቀን አስቀድሞ መግባት አይፈቀድለትምና፤ የቀን ስሕተት በዚህም በኩል ዋጋ ያስከፍላል።

ስለ ስም ደግሞ፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም አለን እንጂ። የውጭ አገር ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ካልተሞላ አይቀበልም። ስለዚህ አንዱ የአባቱን፤ ሌላው የአያቱን ስም እየሞላ፤ በትኬቱ አንድ ሰው፤ በፓስፖርቱ ሌላ ሰው፤ በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሦስተኛ ሰው ሆኖ ይገኛል። በዚህ ላይ የላቲን ፊደል ይጨመራል። ቅድስት የተባለች እኅታችን ስሟን ዛሬ በኬ፤ ነገ በኪው ብትጽፍ ለእኛ ያው ቅድስት ናት፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ሴቶች ናት። ደንቡ አጭር ነው፤ ፓስፖርቱ የጻፈውን፤ ቢሳሳትም እንኳ፤ ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው። ስሕተት ያለበት ፓስፖርት የሚታረመው ቪዛ ከመጠየቁ በፊት ነው።

ስለ መሸጋገሪያም አንድ ነገር እንጨምር። የሼንገን አገሮች የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከአይሮፕላን ጣቢያቸው ሳይወጣ አይሮፕላን ለመለወጥ እንኳ ቪዛ ይጠይቁታል። የጸና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ የያዘ ከዚህ ነጻ ነው። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ግን ርካሽ ትኬት አገኘሁ ብሎ በፍራንክፉርት በኩል ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ።

አሁን ወደ አደራው እንምጣ፤ ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። ልጅ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ነው ሲባል፤ ጎረቤትና ዘመድ «ሻንጣህ ቦታ ካለው ይህችን ለእኅቴ ልጅ አድርስልኝ» እያለ መምጣቱ የታወቀ ነው። ልማዱን አናንኳስሰውም፤ በሰው አገር ያለ ወገን የቤቱን በርበሬ የሚቀምሰው በዚህ መንገድ ነው። እምቢ ማለትም በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ነገር ግን በሻንጣው መስጫ የሚቆመው ሠራተኛ «ሻንጣውን ያሰናዳኸው አንተ ነህን? ሰው የሰጠህ ዕቃ አለን?» ብሎ ሲጠይቅ በከንቱ አይደለም። በሻንጣችሁ ውስጥ የተገኘ ነገር የእናንተ ነው። «አደራ ነው» የሚለው ቃል በሌላ አገር ዳኛ ፊት ብዙ አይረዳም። ጫት በአገራችን በገበያ የሚሸጥ ቅጠል ነው፤ በአሜሪካ ግን የተከለከለ ነው፤ በእንግሊዝ አገርም በፈረንጆች 2014 ዓ.ም. ተከልክሏል። በሳውዲ ዐረቢያ ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ ማስገባት እስከ ሞት ያስቀጣል። የተሰፋ ጥቅል ተቀብሎ የሚሄድ ተማሪ በማያውቀው ነገር ሕይወቱን ማስያዙ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አደራ የምትቀበሉት ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን በፊት፤ በቤታችሁ፤ በብርሃን፤ ሰጪው ባለበት ይሁን። «እማማ፤ ደንቡ ስለሚያስገድደኝ ይፍቱልኝና አብረን እንየው» ማለት ድፍረት አይደለም። ዱቄት ከሆነ በሰፊ ሳህን ላይ ይገልበጥ፤ ልብስ ከሆነ ስፌቱ ይዳሰስ፤ መልሳችሁም ራሳችሁ እሰሩት። አስፈታኸኝ ብሎ የሚቀየም ቢኖር ዕቃውን ይዞ ይሂድ። በአይሮፕላን ጣቢያ በር ላይ እየሮጠ የሚመጣን አደራ ግን፤ ሰጪው የአጎት ልጅም ቢሆን፤ አትንኩት።

ስለ ስንቅ፤ ቋንጣ ወደ አሜሪካም ወደ ኤውሮፓ ኅብረት አገሮችም አይገባም። ቅቤም ወደ ኤውሮፓ ኅብረት አገሮች የተከለከለ ነው። በአሜሪካ ጉምሩክ የያዙትን ምግብ ሁሉ መናገር ግዴታ ነው፤ ሲናገሩ ቢወሰድ ዕቃው ብቻ ይቀራል፤ ሲደብቁ ቢያዝ መቀጫ አለው። በፈረንጆች 2006 ዓ.ም. ከወጣው ደንብ ወዲህ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ በብዙ አገር አያልፍም፤ ማርና አዋዜም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። ሽሮና በርበሬ በትልቁ ሻንጣ ይሁኑ። የስልክ መሙያ ባትሪ በተቃራኒው በእጅ ይያዛል እንጂ በትልቁ ሻንጣ አይገባም። የትምህርት ማስረጃና የቅበላ ደብዳቤ ከእጃችሁ አይለዩ።

ስለ ጆሮ የሚጠይቁን አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በአይሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ከ2400 ሜትር ከፍታ በማይበልጥ፤ በአንዳንዱ አዲስ አይሮፕላን በ1800 ሜትር መጠን ይጠበቃል። ስለዚህ ከቦሌ ስንነሣ ጆሮአችን እምብዛም አይሰማውም። ሕመሙ የሚመጣው ባሕር ዳር ወዳለ ከተማ ስንወርድ ነው፤ ያን ጊዜ ማኘክ፤ ምራቅ መዋጥና አለመተኛት ይረዳል። አየሩ ደረቅ ነውና ውኃ ጠጡ።

ደርሳችሁ ሻንጣችሁ የጠፋ ወይም የተሰበረ እንደ ሆነ ከአዳራሹ ሳትወጡ አስመዝግቡ፤ የተመዘገበበትን ወረቀትም ያዙ። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ በሰባት ቀን፤ ለዘገየም በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ አቤቱታ በጽሑፍ መቅረብ አለበት።

ትኬት በእጃችሁ ያለ ከዚህ በኋላ ወደ ፊት ኑ፤ ፓስፖርታችሁንም አውጡ። ቀኑንና ስሙን በአንድነት እንይላችሁ።