ጫቱን ማን ይጠይቅ?

እሱ፦ እስራኤል፣ ረሆቮት ባቡር ጣቢያ ነን። ባቡሩ አሁን ነርሶችና ሐኪሞችን አራግፎ ሄደ። እህቴ፣ ከነዚህ ስንቱ ስለ ጫት ተምሯል?

እሷ፦ ቅጠሉ እኮ እስራኤል ውስጥ አልተከለከለም፤ ክልክሉ ከውስጡ የሚወጣው ካቲኖን ነው። ሐኪሙ «ዕፅ ትወስዳለህ?» ሲለው ልጁ «አልወስድም» ይላል፣ አልዋሸም! «ትቅማለህ? እስከ ስንት ሰዓት? ለጨብሲስ ምን ትጠጣለህ?» ማለት ሥልጠና ይፈልጋል።

እሱ፦ ሥልጠና? ዲግሪው ከተሰቀለ በኋላ?

እሷ፦ ያኔ ነዋ! ከእ.ኤ.አ. 2015 ሐምሌ ወዲህ እዚህ እስራኤል የአእምሮ ሕክምና በኩፓት ሆሊም፣ በጤና መድን ድርጅቶቹ፣ ሥር ገብቷል፤ የሰፈር ሐኪም አያገባኝም ሊል አይችልም።

እሱ፦ ኢትዮጵያም ነርሱንና ጤና መኮንኑን ታሠለጥናለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት በእ.ኤ.አ. 2008 በጀመረው ኤምኤች ጋፕ በሚባለው መርሃ ግብር። ድብርትን፣ ሳይኮሲስን፣ የአልኮል ሱስን እንዲለዩ።

እሷ፦ ደግ ነው። ግን የጥቂት ቀን ኮርስ ብቻውን፣ ተከታታይ አማካሪ ከሌለው፣ ምስክር ወረቀት ሆኖ ይቀራል ባይ ነኝ።

እሱ፦ እዚህስ ሐኪም ፊት ልጅ ለአባቷ ስታስተረጉም?

እሷ፦ ኧረ ተው! አባት በልጁ ፊት ስለ አረቄው ሊናዘዝ? ኮርሱ ከዚህ ይጀምር፦ ልጅቷን ውጭ አስቀምጦ፣ በስልክም ቢሆን የሠለጠነ አስተርጓሚ ማምጣት።