ቡዙ ባዶ ሲሆን
(በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ በሥልጠና ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ዋሽንግተን እንደገባን ብዙዎቻችን የመጀመሪያ እንጀራችንን ያገኘነው ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ጠባብ ቡዝ፣ እግራችን ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ በአንድ እጅ ቲኬት መቀበል፣ በሌላው መልስ መስጠት። ልጆቻችንን ያሳደግነው፣ አገር ቤት ለእናት ለአባት የላክነው በዚያ ደመወዝ ነው።

አሁን ብዙ ቦታ ቡዙ ባዶ ነው። ደንበኛው በካርድ ወይም በስልኩ ከፍሎ ይወጣል። ማሽኑ እምቢ ካለው ቁልፍ ይጫናል፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሰው በድምፅ አነጋግሮ በሩን ይከፍትለታል። አንዲት አባላችን ማሽኑን የሚተክሉት ሰዎች ሲመጡ ቡና እንደጋበዘቻቸው አጫውታናለች። ደንበኞቹን አጠቃቀሙን ያስተማረቻቸውም ራሷ ነበረች። ከዚያ መጀመሪያ ቅዳሜዋን ወሰዱባት፤ ቀጥሎ የማታውን ሺፍት፤ በመጨረሻ ሥራውን።

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። በጥቅሉ 100ና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት በአንድ የሥራ ቦታ 50ና ከዚያ በላይ ሰዎችን በአንድ ላይ ሲያሰናብት፣ ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሕጉ የተጻፈው በአንድ ቀን ለሚዘጋ ፋብሪካ ነው። እኛን ግን ማሽኑ ከዚህ ሕንፃ ሁለት፣ ከዚያኛው ሦስት እያለ ነው የሚያወጣን። ሃምሳ ስለማንሞላ ማንም ቀድሞ አይነግረንም። ስለዚህ መጠባበቅ ያለብን ራሳችን ነን፤ ኋላ ድስት ጥዶ ማልቀስ እንዳይሆንብን።

የሚጠቅመንም ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሰው ኃይል ሥልጠና ሕግ ለአዋቂዎች በሚመድበው የሥልጠና ገንዘብ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ሰዎች ይዘረዝራል፤ የመንግሥት ድጋፍ የሚያገኙ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ፣ እንዲሁም ንባባቸው፣ ሒሳባቸው ወይም እንግሊዝኛቸው ለሥራ ከሚያስፈልገው በታች የሆነ። ልብ በሉ እህቶቻችን፤ «እንግሊዝኛዬ ስብርብር ነው» ብለን ከበሩ የምንመለስበት ምክንያት፣ በሕጉ ዘንድ ወረፋ የሚያስቀድም ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ግን በጥቅሉ በጸደቀው ዝርዝር ውስጥ ላሉ ማሠልጠኛዎች ነው። ስለዚህ ሳንጠይቅ ከኪሳችን ከፍለን አንመዝገብ።

የዲሲ ነዋሪዎች ሌላም መብት አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የከተማው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛችን ነው። የከተማው የሥራና ቅጥር መሥሪያ ቤት ስትሄዱ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ። ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማስተርጎም ይብቃን።

እንዲህም ሆኖ ሕግ በወረቀት፣ ኑሮ በሰዓት ነው። ትምህርቱ ቀን ከሆነ፣ ቀን ሥራ ላይ ነን። ማመልከቻው በኮምፒውተር ከሆነ፣ ኢሜይል የሌላት እህት ከደጃፍ ትቀራለች። የማታ ክፍል እንዲከፈት፣ የልጅ መዋያ እንዲታሰብ ለከተማው ምክር ቤት አባላት ደብዳቤ እየጻፍን ነው፤ ፈርሙልን።

«ኮምፒውተር የሌለበት ሥራ እፈልጋለሁ» የምንልም አለን። ወደ ቤት ለቤት እንክብካቤ የገቡት እህቶቻችን ይንገሩን። ሜዲኬይድ በሚከፍልበት የቤት ውስጥ እንክብካቤ የገቡበትና የወጡበት ሰዓት በኤሌክትሮኒክ መንገድ መመዝገብ አለበት፤ ብዙዎቹ በስልካቸው ነው የሚመዘግቡት። ከቴክኖሎጂ ሸሽተን የምንደበቅበት ሥራ የለም።

ባዶ እጃችንን ግን አይደለንም። ሥራ ስንጠይቅ «ካሸር ነበርኩ» ብቻ ብለን አናቁም። የቀኑን ሒሳብ እስከ ሳንቲሙ አስረክበናል። የተቆጣ ደንበኛ አብርደናል። ሌሊት ብቻችንን ሕንፃ ጠብቀናል። ማሽን ሲበላሽም መላ የፈጠርነው እኛ ነን። ይህ ሁሉ ሙያ ነው፤ ማመልከቻችን ላይ በስሙ ይጻፍ።

ኮሚቴው ያሰበው ቀላል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቻችን ኢሜይል መክፈትና ማመልከቻ መሙላት ያስተምሩናል። በዚያ ሰዓት ሁለት እናቶች በተራ ሕፃናት ይጠብቃሉ። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ አምስት አምስት ሆነን ወደ ሥራ ማዕከሉ አብረን እንሄዳለን። ብቻዋን ብትሄድ «ነገ ነይ» የምትባል ሴት፣ አራት እህቶች ከኋላዋ ሲቆሙ ወንበር ይሳብላታል።

ቡዙ ውስጥ ያለሽ እህታችን፣ ሥራሽ ገና ሳይነካ ነይ። ከወጣሽም ቆይተሽ እንደሆነ አልረፈደም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስሞች ዛሬ ከቡና በፊት ይመዘገባሉ፤ ደብተሩ በሩ አጠገብ ነው።